የሰልፍ ታርጋ

ጥዑመልሳንና የሚስቱ ወንድም ምናሴ ሀምቪ የሚባለውን ወታደራዊ መኪና የገዙት አገልግሎቱ አብቅቶ የአሜሪካ ጦር በጨረታ ሲያስወግደው ነው። ጥዑመልሳን ዩለስ ከተማ ይኖራል፣ ኤርፖርት ውስጥ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። ምናሴ ፋርመርስ ብራንች ከተማ ዌርሃውስ ውስጥ ይሠራል። ሀምቪው የመጣው “ከመንገድ ውጪ ብቻ” ከሚል ወረቀት ጋር ስለነበር የካውንቲው የታርጋ ቢሮ መጀመሪያ መለሳቸው። ፍሬቻ፣ መስታወትና ቀበቶ ገጠሙለት። ከወራት ምልልስ በኋላ ለቀድሞ ወታደራዊ መኪና የሚሰጠው ታርጋ ተፈቀደላቸው። ያስረከበቻቸው ሴትዮ ለበዓል ሰልፍና ለኤግዚቢሽን እንጂ ለሥራ ወይም ለዘወትር ጉዞ እንደማይሆን ደጋግማ ነገረቻቸው። ጥዑመልሳን ቃሏን አከበረ። ምናሴ ግን ገና ከቢሮው ሳይወጡ ይስቅባት ጀመር።

ነገሩ የሆነው ዋይሊ ከተማ ሰልፍ ላይ ውለው ሲመለሱ ነው። ምናሴ ልንዳ አለ፤ ጥዑመልሳን በውስጥ መንገድ እንዲሄድ አስጠንቅቆ መሪውን ለቀቀለት። ሀምቪ ከባድ ነው፤ ሃይዌይ ላይ እንደ ሌላው መኪና አይፈጥንም። ምናሴ ግን በመጀመሪያው መግቢያ ሃይዌይ ላይ ወጣ።

“ታርጋ አለን አይደል? ሶ፣ ምንድነው ችግሩ?” አለ።

ብዙም ሳይሄዱ አንድ ጥቁር ፒክአፕ ከኋላቸው ተለጥፎ ጥሩምባውን ያስጮህ ጀመር። ከዚያ አልፏቸው ፊታቸው ላይ ፍሬን ያዘ። ምናሴ ለጥቂት ሳተው፤ ተሳደበ፣ ተከተለው። ጥዑመልሳን ተወው ቢለውም አልሰማም። ተከታትለው ከሃይዌዩ ወረዱ፤ ትራፊክ መብራቱ ጋ ሲደርሱ ፒክአፑ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። የወረደው አሌክስ የሚባል፣ በጣሪያ ሥራ የሚተዳደር ወጣት ነበር። ስሙን ያወቁት በኋላ ነው። በእጁ የቤዝቦል ዱላ ይዟል።

መጀመሪያ የጎን መስታወቱን አረገፈው። ቀጥሎ በመስኮቱ በኩል የምናሴን ግራ ክንድ መታ፤ አጥንቱ ሲሰበር ጥዑመልሳን ሰማው። አሌክስ መብራቶቹን ሊሰብር ወደ ፊት ዞረ። በዚህ ጊዜ ምናሴ እያቃሰተ ነዳጅ ረገጠ። የሀምቪው መከላከያ ልጁን ከገዛ መኪናው በር ጋር አጣበቀው። ዱላው አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ።

ምናሴ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጥዑመልሳን ነገሩ ያበቃ መስሎት ተነፈሰ። አሌክስ በሩን ተደግፎ እየተንሸራተተ ተቀመጠ፣ ሁለት እጆቹንም አነሳ። ምናሴ አየው። አየውና ማርሹን ወደ ፊት መልሶ እንደገና ገባበት።

ጥዑመልሳን በመቀመጫዎቹ መካከል ያለውን ሰፊ ጉብታ ተሻግሮ አንገቱን አነቀው። ምናሴ በጤነኛ ክርኑ አፉን መታው፤ አፉ በደም ተሞላ። ጥዑመልሳን ጭንቅላቱን ይዞ ከመሪው ጋር አጋጨው፤ እስኪዝል ድረስ ደጋገመው። ከዚያ በላዩ ተንጠራርቶ ሀምቪውን ወደ ኋላ ሳበና ሞተሩን አጠፋ።

“እንሂድ” አለ ምናሴ ፊቱን ይዞ። “ይሄ ሰውዬ ይሞታል፣ እንሂድ።”

ጥዑመልሳን ዘሎ ወረደ። የልጁ ቀኝ እግር ከጉልበቱ ተቆርጦ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሏል። ቀበቶውን ፈትቶ ጭኑ ላይ አሰረና በሙሉ ኃይሉ ጎተተ። ፖሊሶች ደርሰው ሽጉጥ ደግነው እጅህን አንሳ ሲሉት አላነሳም። ሊተኩሱበት እንደሚችሉ ያውቃል።

“ከለቀቅኩት ደሙ ፈስሶ ያልቃል” አላቸው በእንግሊዝኛ። አንዱ ፖሊስ ሽጉጡን እንደደገነ ቀርቦ በሌላው እጁ ቀበቶውን ተቀበለው። ያኔ ነው ጥዑመልሳን በግንባሩ አስፋልቱ ላይ የተኛው።

አሌክስ ተረፈ፤ እግሩን ግን አጣ። ስለ ሁለተኛው ምት ምንም አያስታውስም። ከኋላ የነበሩ ሾፌሮችም ሀምቪው ጋርዷቸው ነበር። የምናሴ ጠበቃ የመጀመሪያው ራስን መከላከል እንደሆነ፣ ሁሉም ነገር በሁለተኛው ላይ እንደሚቆም ለቤተሰቡ ነገረ። ቤተሰቡ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ ጋሽ ክፍሉን ወደ ጥዑመልሳን ላከ። ጋሽ ክፍሉ ዋሽ አላሉትም፤ ካልተጠየቅክ ዝም በል ነው ያሉት፣ ከተጠየቅክም በድንጋጤ አላየሁም ማለት ይቻላል አሉ።

“ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?” አላቸው።

ሽማግሌው ኮታቸውን አንስተው ወጡ።

ጥዑመልሳን ፍርድ ቤት ተጠየቀ፤ ሁለት ጊዜ ነው የገጨው አለ። ልጁ እጁን አንስቶ እንደነበርም ተናገረ። ምናሴ ቀና ብሎ አላየውም። የጥዑመልሳን ሚስት እማዋይሽ ከመሃል ረድፍ ተነስታ ወጣች። ምናሴ የዓመታት እስር ተፈረደበት፤ ታርጋው ተሰረዘ፤ ሀምቪውንም መንግሥት ወሰደው።

እማዋይሽ ቤቱን ጥላ አልሄደችም፤ አታናግረውም እንጂ። አንድ ጠዋት ልብስ እያጠፈች በድንገት ጠየቀችው።

“እጁን ሲያነሳ ምናሴ አይቶት ነበር?”

“አይቶታል።”

ልብሱን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሊነካት እጁን ሲዘረጋ ተው አለችው።

አሁን እስር ቤት ድረስ የሚወስዳት እሱ ነው። ምናሴ እሱን ማየት ስለማይፈልግ ጥዑመልሳን ፓርኪንጉ ውስጥ ይጠብቃታል። ስትመለስ ወንድሟ ከስቷል ወይም ደህና ነው ትለዋለች፤ ከዚያ በላይ አትጨምርም። ከኋላ ወንበር ነው የምትቀመጠው፣ እንደ ተሳፋሪ። ጥዑመልሳን ወደ ፊት ነይ ብሏት አያውቅም።