ወንበሬን ያዞርኩ ዕለት

ዓይን አንድ ነገር ወዴት እንደሚሄድ በምን እንደሚያውቅ ላስረዳችሁ፤ ሦስት ዓመት የፈጀሁበት ጉዳይ ነው። ከዓይን ጀርባ ሬቲና በሚባለው ስስ ሽፋን ላይ አቅጣጫ የሚመርጡ ሴሎች አሉ። ብርሃን በሚወዱት በኩል ሲያልፍ ይለፈልፋሉ። በተቃራኒው ሲመጣ ግን ጎረቤት ሴል ቀድሞ "ዝም በል" ይላቸውና ጭጭ ይላሉ። ባለቤቴ እንግዳ ፊት በጠረጴዛ ስር እግሬን እንደምትረግጠኝ መሆኑ ነው። ልዩነቱ፣ ሴሉ ይሰማል።

እኔ ደግሞ ተአምር አግኝቼ ነበር። በሌሎች ቤተ ሙከራዎች አይጦች ዓይን ውስጥ፣ ወደ ላይ ለሚሄድ ብርሃን ብቻ የሚለፈልፍ አንድ የታወቀ ሴል አለ። በእኔ አይጦች ግን የሚለፈልፈው ወደ ታች ለሚሄደው ነው። ሐሙስ ለአለቃችን ላቀርበው ቀጠሮ ተያዘ፤ እሳቸውም ሰምተው ወይ ውሌን ያድሳሉ ወይ ያሰናብቱኛል። ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

በሙያችን አንድ ደንብ አለ። የሞተችው አይጥ ዓይን ከመውጣቱ በፊት ላይኛው ጠርዙ በመቀስ ጫፍ ይጫራል፤ ከወጣ በኋላ ላይና ታቹ የሚለየው በዚያች ጭረት ብቻ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምጭረው ከእኔ የራቀውን ጠርዝ ነው። ረቡዕ ጠዋት ለማቅረቢያዬ እንዲሆነኝ ጭሬ፣ ዓይኑ ሳይወጣ ፎቶ አነሳሁ። ፎቶውን ሳየው ጭረቷ በመንጋጋው በኩል ናት። ጆሮው ከእኔ ወዲህ ነው፤ ታቹን ላይ ብዬ ስጭር ኖሬያለሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሳምንት በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባው ንፋስ ማጅራቴን ሲመታኝ ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ማዶ አዙሬ ነበር። አይጧ የምትጋደምበት ሰሌዳ ግን እንደነበረ ቀረ፤ እጄንም አላዞርኩም።

"አሁን ታየዎት?" አሉኝ ከኋላዬ ፎቶውን እያዩ እትዬ ጸጥታ። የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ናቸው፤ ስሙን ያወጣንላቸው ስለማይናገሩ ነው። ያኔ ግን ተናግረው ነበር። "ዶክተር፣ ወንበሩን ከማዞርዎ በፊት..." ሲሉ "ቆይ እትዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ብዬ ቆረጥኳቸው።

ባቀርበው ማንም አያውቅብኝም ነበር። እትዬ ጸጥታ እንደሆኑ ዝም ይላሉ ብዬ አሰብኩ፤ በዚህ ሐሳቤ ከስህተቱ ይበልጥ አፈርኩ።

ሐሙስ ፎቶውን አሳየሁ። "ያገኘሁት ሴል አይደለም፤ ወንበር ነው" አልኩ። ማንም አልሳቀም።

"ስህተቱን ማን ደረሰበት?" አሉ አለቃችን።

"እኔ፣ ትናንት" የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

"እትዬ ጸጥታ። ከሦስት ዓመት በፊት።"

አለቃችን በሩ አጠገብ ወደ ቆሙት እትዬ ዞሩ። "ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"ብያለሁ" አሉ እትዬ። "ግማሹን።"

ለካ አቅጣጫ የምመርጠው ሴል እኔው ነኝ። ከላይ ለሚመጣ ቃል እለፈልፋለሁ፤ ከታች የሚመጣውን ገና መንገድ ላይ ሳለ ዝም አሰኘዋለሁ።

ውሌ ለስድስት ወር ታደሰ፤ እያንዳንዷን ጭረት እትዬ አይተው እንዲፈርሙባት ተባለ። በማግስቱ ስገባ ወንበሬ ወደ ድሮው ቦታው ተመልሷል። እትዬ የመስኮቱን ስንጥቅ በካርቶንና በፕላስተር ይደፍናሉ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

"ያኔ የቀረው ግማሽ ምን ነበር?" አልኳቸው።

ፕላስተሩን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

"ይሄ" አሉ።