ስምንት ዙር

ኬብሉም አይደለም ማለት ነው፣ ኬብሉ ቢሆን ኖሮ የኪቦርዱን ኬብል ነቅሎ ሲሰካበት የጊታሩ ድምፅ ይመለስ ነበር፣ አልተመለሰም፣ ያው ነው፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚያወራ ሰው ድምፅ፣ ስለዚህ ኬብሉ ነጻ ወጣ። አንድ። ባዘዘው አንድ ጣቱን ያጥፋል። አንዱን ብቻ ቀይር፣ ሌላውን አትንካ፣ መሬት ሲለካም እንዲሁ ነው፣ ችካሉን ሳያረጋግጡ ሜትሩን መጠርጠር የለም፣ ግን ቢቸና በሚሠራበት የመሬት አስተዳደር ቢሮ ውስጥ ሙሽራ እየመጣ ነው ብሎ የሚያዋክበው የለም፣ እዚህ ሞጣ ግን፣ እዚህ ድንኳን ውስጥ፣ ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተዋል ተብሏል፣ ሃያ ደቂቃ፣ ፎቶ ከተነሱ ግማሽ ሰዓት፣ ይነሱ፣ እባካችሁ ብዙ ፎቶ ተነሱ።

ፔዳሉ፣ ድምፁን በእግር የሚቀያይርበት። ባትሪው ደክሞ ይሆናል፣ ትናንት ነው የገዛው፣ የትናንት ባትሪ ዛሬ አይደክምም፣ ይደክማል፣ ሱቅ ውስጥ ስንት ዓመት እንደተቀመጠ ማን ያውቃል፣ አትገምት፣ አውጣው። ፔዳሉን ከመሃል ያወጣል፣ ጊታሩን በቀጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ ይሰካል፣ ክሮቹን አንድ ጊዜ ይመታል። ያው። ከኋላ ወንበር የሚደረድሩት ሰዎች ቀና እንኳ አላሉም። ሁለት።

አገኘኸው? ይላሉ ጋሽ ፋንታ፣ የባንዱ ባለቤት፣ ከኪቦርዳቸው ኋላ ቆመው፣ አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። እየፈለግሁ ነው ጋሼ። ፈልግ፣ ፈልግ፣ ካልሆነም ግድ የለም፣ ይሉና አንዲት ቁልፍ ጫን ያደርጋሉ፣ ጊታር፣ ጥርት ያለ ጊታር፣ ከኪቦርዱ ሆድ የወጣ፣ ኬብል የማያሻው፣ ከግንደወይን መንገድ አቧራ ያልቀመሰ ጊታር። ቁልፏን ይለቃሉ። ጣታቸው ግን እዚያው አጠገቧ ነው።

የቀድሞ ጊታር ተጫዋቻቸው ባሕር ዳር ከሄደ ወዲህ በዚያች ቁልፍ ነው የሚሠሩት፣ ሰውም አላማረረም፣ ስለዚህ ሰው አልቸገራቸውም፣ ይህን ባዘዘው ያውቃል፣ በቅበላ ሳምንት ቢቸና ላይ ሲፈትኑት ነግረውታል፣ ትችላለህ ልጄ፣ ግን ቤት ውስጥ መቻልና ሠርግ ላይ መቻል ይለያያል፣ ከፋሲካ በኋላ ሞጣ ሠርግ አለን፣ እዚያ ከተሰማህልኝ ባንዱ ውስጥ ነህ፣ ካልተሰማህ ኪቦርዱ ይበቃኛል። ካልተሰማህ ነው ያሉት። ካጠፋህ አላሉም። ሃምሳ አምስቱን የጾም ቀን ሙሉ የፈራው እንዳያጠፋ ነበር፣ ዘፈኖቹን በወረቀት ጽፎ፣ መግቢያና መውጫቸውን ቆጥሮ፣ አለመሰማትን ግን አልፈራም፣ ደደብ፣ የተባለውን ትቶ ያልተባለውን የሚያጠና ደደብ።

አምፕሊፋየሩ ይሆን? ጋሼ፣ አንዴ ኪቦርዱን በኔ ቀዳዳ ብንሰካው፣ ይላል፣ ድምፁ ልመና ይመስላል። ጋሽ ፋንታ ይሰካሉ፣ አንድ ኮርድ ይመታሉ፣ ድንኳኑ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱ ወንበር ደርዳሪ ከእጁ ወንበር ይጥላል፣ ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ይላል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። አየህ፣ ይላሉ ጋሽ ፋንታ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። ሦስት። መብራቱም አይደለም እንግዲህ፣ ኃይሉ አንሶ ቢሆን ኪቦርዱም ባነሰ ነበር፣ ሚክሰሩም አይደለም፣ ስፒከሩም አይደለም፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ እንዲህ በአንዴ ሁሉም ንጹሕ ሲሆን ደስ ይለኝ ነበር ሌላ ቀን፣ የቀረው ጊታሩ ነው። ጊታሩና እሱ።

ምናልባት እጄ ነው። ምናልባት እስከዛሬ ስመታ የመሰለኝ መምታት ሳይሆን መዳበስ ነው። ይመታል። ጠንክሮ ይመታል። ሰርጉት ዘፋኟ ማይኳን እየጠረገች ዞር ትላለች፣ ባዜ፣ እያጫወትከው ነው ወይስ እያስተኛኸው? ተይኝ ሰርጉት። እሹሩሩ በለውና ይለይልህ። ተይኝ እኮ አልሁሽ። እሺ ተውሁህ፣ ብቻ እኔ ስዘፍን አንተን ካልሰማሁ የት እንደምገባ አላውቅም፣ እሱን ልንገርህ ብዬ ነው። ይህን ስትል አልሳቀችም።

ረጋ በል። ጊታሩ። መንገዱ ይሆን፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ጭኑ ላይ ነበር፣ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የሚያቃስተው እሱ ነበር፣ ውስጡ አንድ ሽቦ ተነቅሎ ይሆናል፣ ሽቦ ቢነቀል ግን ዝም ይል ነበር እንጂ አያንሾካሹክም። የድምፅ ማዞሪያውን ይነካል፣ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፣ ወዲያና ወዲህ ያዞረዋል፣ ቢንጫጫ ደስ ባለው፣ አይንጫጫም፣ ጤነኛ። የማግኔት መምረጫውን ወደ ላይ፣ ዝቅ ያለ፣ ወደ መሃል፣ ዝቅ ያለ፣ ወደ ታች፣ ዝቅ ያለ። ሁለቱም ማግኔቶች፣ ከክሮቹ ሥር ተቀምጠው ድምፁን የሚለቅሙት ሁለቱም፣ እኩል ደክመዋል። ሁለት ማግኔት በአንድ ቀን አይታመምም። አንድ እጅ ካልነካቸው በቀር።

አንድ እጅ።

ጊታሩን እንደ ውኃ ልክ ወደ ዓይኑ ያነሳዋል፣ በጎን ያያል። በክሮቹና በማግኔቶቹ መካከል ትንሿን ጣቱን ይሰዳል። ጣቱ ይገባል። ሳይነካ ይገባል፣ ገብቶም ይወጣል፣ ያ ክፍተት ሁለት ሳንቲሞች የተደራረቡ ያህል ብቻ ነበር መሆን ያለበት፣

አከራዩ እትዬ አገሬ በር ላይ ቆመው፣ የጾሙ መጀመሪያ ሰኞ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጄ፣ እኔ ተው አላልሁህም፣ ቤት ተከራይተሃል፣ ግን ጾም ነው፣ ጎረቤት ምን ይላል፣ እኔም ዳዊት ስደግም እጄ ይመታል ካንተ ጋራ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እሺ እትዬ፣ አይሰማዎትም። ቃል ገባ። ማዞሪያውን ዝቅ ቢያደርግ በቂ ነበር፣ ለሌላ ሰው በቂ ነበር፣ እሱ ግን እጁን አያምነውም፣ ዘፈኑ ሲጥመው እጁ ራሱ ሄዶ ያዞረዋል፣ ስለዚህ ካቻቢቴ አመጣ፣ ብሎኖቹን ፈታ፣ ማግኔቶቹን ወደ ውስጥ አሰጠማቸው፣ ስምንት ዙር፣ እያንዳንዱን ብሎን ስምንት፣ አጥብቆ እንዲያስታውሰው ሁለት ጊዜ ቆጠረ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻ ቢከፍተውም ከበሩ የማያልፍ ድምፅ፣ ጎበዝ፣ ጠንቃቃ ልጅ፣ አሉ እትዬ አገሬ በሆሳዕና፣ ጊታሩን ተውከው እንዴ? ብለው። በፋሲካ ዶሮ በልቶ፣ ጠላ ጠጥቶ፣ ሁሉን ነገር ፈትቶ፣ ብሎኖቹን ረሳ። ጆሮው ለምዶት ነበር። ዝቅታው ልኩ መስሎት ነበር።

ካቻቢቴ! ካቻቢቴ ያለው! የመሣሪያ ሳጥኑ ሚኒባሱ ውስጥ ነው፣ ሚኒባሱ ቢራ ሊያመጣ ሄዷል። ከሩቅ ጥሩምባ ይሰማል፣ የመኪና ጥሩምባ፣ ብዙ፣ ፎቶውን ጨረሱ ማለት ነው፣ ወይም ጨርሶ አልተነሱም። ሰርጉት፣ ጫፉ የሾለ ነገር፣ ማንኛውም ብረት። ቦርሳዋን ትገለብጣለች፣ የጥፍር ሞረድ ትሰጠዋለች፣ ከሰበርከው ጥፍሬን በጥርስህ ነው የምትሞርደው። ብሎኑ ላይ ይገጥማል። አንድ ዙር፣ ያንሸራትታል፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ላብ ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

ምን ሆኖ ነው? ጋሽ ፋንታ ከላዩ ቆመዋል። መንገዱ አላላው ልበላቸው፣ መንገዱ አይከራከርም፣ ሁሉም ሰው መንገዱን ይረግማል፣ ያምኑኛል። አራት፣ አምስት። እኔ ነኝ ጋሼ፣ ይላል አፉ፣ እኔ ነኝ ዝቅ ያደረግሁት። ለምን? ጾም ነበር፣ አከራዬን እንዳልረብሽ ብዬ። ከዚያ? ከዚያ ረሳሁት። ጋሽ ፋንታ ያዩታል፣ ጊታሩን ያያሉ፣ ከዚያ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ሰርጉት! ሰርጉት ኧረ ስሚ፣ ይኸ ልጅ ጊታሩን አስጹሞታል! እኛ ሁላችን ፈስከን ምስኪኑ ጊታር እስካሁን አልፈሰከም! ሰርጉት ማይኩን ይዛ ትስቃለች፣ ሳቋ በስፒከሩ ድንኳኑን ይሞላዋል፣ የማያውቀው ሰው ሁሉ አብሮ ይስቃል፣ ስድስት፣ ሳቁብኝ፣ ሰባት፣ ብቻ አንድ ደቂቃ ስጡኝ፣ ስምንት። የአንዱ ማግኔት አንድ ወገን ነው ይህ። ሌላኛው ወገን። አንድ፣ ሁለት፣ ጥሩምባው በሩ ላይ ነው፣ ሦስት፣ እልልታ፣ ጋሽ ፋንታ ሳቃቸውን ውጠው ወደ ኪቦርዱ ሮጠዋል፣ ጣታቸው ቁልፏ ላይ፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ሁለተኛውን ማግኔት ተወው፣ ጊዜ የለም፣ መምረጫው ወደ ታች፣ ወደ ተነሳው ማግኔት፣ ሞረዱ ኪሱ ውስጥ፣ ከበሮው ገብቷል፣ አንድ ሁለት ሦስት፣

ይመታል።

ድንኳኑ ዞሮ ያየዋል። የእውነት፣ ሰዎች ዞረው ያዩታል፣ ሙሽራዋ ቬሏን ገልጣ፣ ድምፁ ደረቱን ገፍቶት ይወጣል፣ የራሱ ድምፅ መሆኑን ለማመን አንድ ምት ያህል ይዘገያል፣ በዚያች አንድ ምት ጣቱ የተሳሳተ ክር ላይ ያርፋል፣ ስሕተቷም እንደ ደወል ትሰማለች፣ እስከ በሩ፣ እስከ አስፋልቱ፣ ሞጣ ሁሉ ሰማት፣ ሚዜዎቹ ግን እስክስታቸውን አላቋረጡም፣ አንዱማ ትከሻውን በስሕተቷ ላይ ሰበቀ። ጋሽ ፋንታ ጣታቸውን ከቁልፏ ያነሳሉ። በዓይኑ አየ፣ አነሱ። እጃቸውን ወደ እሱ ያወናጭፋሉ፣ ቀንሰው! ይላሉ፣ አፋቸው ነው የሚታየው፣ ቀንሰው አንተ፣ ጆሮዬ!

እሺ ጋሼ፣ ይላል ባዘዘው፣ እሺ ማለት ልማዱ ነው፣ ማዞሪያው ከትንሿ ጣቱ አንድ ጋት አይርቅም፣ ዘርጋ ቢያደርጋት ትደርሳለች፣ ግን ቀኝ እጁ ሥራ ላይ ነው፣ ከዚህ አዝማች በኋላ፣ ይላል ለራሱ፣ ሰርጉት ገብታለች፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ ገብታለች፣ እሺ፣ ከሚቀጥለው አዝማች በኋላ፣