ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ክፍል

ስንዱ ላፕቶፗን በአዲሱ ሲስተም ስታስነሳው ባሏ ደምመላሽ አያውቃትም። በአሮጌው ስታስነሳው ያውቃታል።

ስንዱ አዳማ ውስጥ ስታቲስቲክስ የምታስተምር ሴት ናት። ለጥናቷ የምትፈልገው ፕሮግራም በአሮጌው ሲስተም እምቢ ስላላት፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሃርድ ዲስኩን እኩል ለሁለት ከፍላ በባዶው ግማሽ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫነች። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ ሲነሳ የሁለቱ ስም ይመጣል፤ በቀስት ቁልፍ አንዱን ለመምረጥ አሥር ሴኮንድ ይሰጣል።

መጀመሪያ አዲሱን መረጠች። ደምመላሽ የሸሚዙን እጅጌ እየቆለፈ ከመኝታ ቤት ወጣና ቆም አለ።

«ይቅርታ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራቸው አንቱ ብሏት አያውቅም። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«ባለቤቴን ከሆነ አሁን ትመጣለች። ቁጭ ይበሉ።»

ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የሰርግ ፎቶ ከደምመላሽ ጎን የቆመችው ሌላ ሴት ነበረች። ስንዱ ላፕቶፑን አጥፍታ በአሮጌው አስነሳችው።

«ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?» አላት ደምመላሽ። ፎቶው ላይም ያለችው ራሷ ነበረች።

አጫጫኑን ላሳያት የሥራ ባልደረባዋ ለኅሩይ ደወለች።

«ኅሩይ፣ ሁለቱ ይጋጫሉ እንዴ?»

«ኧረ አይጋጩም። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይተኛል።»

«አዲሱን ልሰርዘው።»

«ሰርዢው፤ ምን ችግር አለው?»

መሰረዣውን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ «ይህን ክፍል ሌላ ሰው እየተጠቀመበት ነው» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ወዲያው ላፕቶፑ ሳትነካው ጠፍቶ ተነሳ። የሁለቱ ስም መጣ። አሥር፣ ዘጠኝ።

ስንዱ የላይኛውን ቀስት ተጫነች፤ ምርጫው ወደ አሮጌው ወጣ። የታችኛው ቀስት ማንም ሳይነካው ሰመጠ፤ ምርጫው ወደ አዲሱ ወረደ። ደግማ ተጫነች። ደግሞ ሰመጠ።

«ደሜ! ድረስልኝ!» ብላ ጮኸች።

«መጣሁ!» አለ ከጓዳ። በሩ ላይ ብቅ ሲል ቆጣሪው አንድ ላይ ደርሶ ቆመ።

ደምመላሽም አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። በመስኮቱ የሚታየው ባጃጅ ካስነሳው አቧራ ጋር መንገዱ መሃል ቆሟል። ስንዱ የላይኛውን ቀስት መጫኗን አልተወችም። የታችኛውም ይሰምጣል፣ ይነሳል፤ ይሰምጣል፣ ይነሳል። ቆይቶ እላዩ ላይ የጣት ላብ ማቸፍቸፍ ጀመረ።