የእናቴ ድምፅ በእህቴ አፍ

እናንተስ፣ ሞታ የተቀበረች እናታችሁ በስልክ ልብስ ደርቡ፣ ብርድ እንዳይመታችሁ ብላችሁ ታውቃለች? እኔን ብላኛለች፣ ክረምቱን ሙሉ፣ እኔም ሰው አገር ቆሜ እሺ እማዬ እያልኩ ኮቴን ስቆልፍ ነበር፣ አፈር ከለበሰች በኋላ መሆኑን የምሰማው ገና አሁን ነው፣ በስተርጅና እህቴን ላስታምም መጥቼ፣ ፀጉሯን ሳጥባት፣ ራሷ በግራ እጄ፣ የፈላው ውሃ ጆግ በቀኝ እጄ እያለ።

እኔ ነበርኩ እኮ እታለም፣ ትላለች ዓይኗን እንደጨፈነች፣ ሳሙናው ግንባሯ ላይ፣ እማዬ ካረፈች በኋላ ስትደውዪ ድምጿን የማወጣው እኔ ነበርኩ፣ ብቻሽን አልቅሰሽ አንድ ነገር ብትሆኚስ ብዬ።

አቤቱ እጄን ያዝልኝ። ውሃው ይተናል። ቀዝቃዛ አልጨመርኩበትም። ይህን ያሰብኩት እኔ አይደለሁም፣ እኔ ነኝ፣ እጄን ያዝልኝ። ሐኪሙ ምን ነበር ያለው፣ የደረቷ ስፌት ገና ነው፣ ማስደንገጥ የለም፣ ማስቆጣት የለም፣ ልቧን እንደ እንቁላል ያዙልኝ እማማ። ብጮህ ትሞታለች። አንድ ጩኸት ይበቃታል፣ ጩኸቱ ደግሞ ጉሮሮዬ ደርሷል።

ስትናደጂ መጀመሪያ ጸልዪ፣ ከዚያ ተናገሪ። ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ፣ ከጠቢቡ ሁሉ ተሟግቼ፣ ሲጨንቀኝ የሚመጣልኝ ይሄ የእናቴ ምክር ነው፣ አቤቱ አፌን ዝጋ፣ አቤቱ ደሜን አብርድ፣ ቆይ፣ መቼ ነው የመከረችኝ? በስልክ ነው። የምሠራበትን የልብስ እጥበት ቤት አለቃ በካውያ ልለው የደረስኩ ጊዜ። ያን ክረምት።

ታዲያ የመከረኝ ማን ነው? የማን ጸሎት ነው አፌ ውስጥ ያለው?

የነገርኳትስ? ባሌ እንደሚመታኝ፣ ለእህቴ እንዳትነግሪያት እማዬ፣ ትስቅብኛለች፣ አልኩ እኮ፣ ለራሷ ለእህቴ! እሷም በእናቴ ድምፅ፣ ምላሴ ይቆረጥ ልጄ፣ ለማን እነግራለሁ። ልጅ ሆነን ገደል ማሚቶ ነበር የምንላት፣ አስተማሪውን፣ ጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን ፍየል ሳይቀር ድምፃቸውን አስመስላ ታወጣ ነበር፣ እንግዳ እንባው እስኪፈስ ይስቅ ነበር።

ምነው ዝም አልሽ?

እየጸለይኩ ነው።

አንቺ? ኧረ ጉድ፣ የዓለም መጨረሻ ደረሰ በይኛ። ልትስቅ ትሞክርና ደረቷን ይዛ ታቃስታለች። አንገቷ የጫጩት አንገት ሆኗል፣ ጣቶቼ ዙሪያውን ይደርሳሉ፣ ለምን ይህን እለካለሁ፣ አቤቱ። እሷ አትፈራኝም። ራሴን የምፈራው እኔ ነኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ ማለት ይቻላል፣ በእናቴ ድምፅ፣ አትቆጪ ልጄ፣ አትቆጪ።

ራሷ ናት፣ ያችው ሳል ከመሃል፣ ልጄ የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ የሚሰበረው ያው ድምፅ፣ ልቤ ሊሮጥላት ይነሳል፣ አቤት እማዬ ልል ነው፣ አቤቱ አቤቱ አቤቱ፣ ከዚህ ሌላ ቃል የለኝም፣ ጆጉ ዘንበል ብሏል፣ አየዋለሁ፣ ልክ ከጆሮዋ በላይ፣ ድካም ነው ወይስ እጄ ነው፣ አቤቱ ያዘው፣ ያዘው፣ ያዘው።

ቀና ይላል።

ወለሉ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ቀዝቃዛ እጨምርበታለሁ፣ በክርኔ እሞክረዋለሁ፣ ለሕፃን እንደሚደረገው፣ ደግሜ እጨምራለሁ። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ሳሙና ይገባብሻል። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል፣ የዋህ ሰው። ውሃው በፀጉሯ መሃል ሲወርድ ትንፋሿ ረጋ ይላል። ይቅር በይኝ እታለም፣ ትላለች፣ አሁን በራሷ ድምፅ።

ፎጣውን እስባለሁ፣ ጆሮዋን አደርቃለሁ፣ በልቤም አንተ ሆይ እለዋለሁ፣ እጄን ስለያዝክልኝ አመሰግናለሁ፣ ከዚህ በላይ ግን አትጠይቀኝ። እሷን ይቅር አልልም። የእማዬን ሞት እያወቁ የደበቁኝን ዘመዶች አልልም። ሳትጠራኝ የሄደችውን እማዬንም አልልም። ማንንም ይቅር አልልም።