ካርቶኑ ላይ የሞላው ወንዝ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሰቆጣ ኒሯቅ ስንሄድ እኔ ከኋላ፣ ጆንያው ላይ ነኝ። የመሥሪያ ቤታችን ፒክአፕ ጋቢናዋ ከሹፌሩ ጋር ሦስት ሰው ነው የምትይዘው። አንዱ ቦታ የኃላፊ ነው፤ ሌላው የእንስሳት ባለሙያው የይግዛው። ይግዛው ኽምጣኛ አያውቅም፤ እዚያ አበርገሌ ወርዶ ከገበሬው ጋር የሚነጋገረው በእኔ አፍ ነው። ታዲያ የገዛ አፉን አቧራ ላይ ጭኖ ይሄዳል! አንድ ጊዜ ኮፍያዬን ነፋስ ወሰደብኝና የጋቢናውን ጣሪያ ደበደብሁ። ማን ሰምቶኝ? የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ቂም ግን ያለ ትምህርትም ይያዛል።

ዘንድሮ ሰላማዊት የምትባል ኃላፊ ከደሴ ተመድባ መጣች። «አብራችሁ ትሠራላችሁ እንጂ አትተዋወቁም» አለችና ከካርቶን ቆርጣ ጨዋታ ሠራችልን። ከሰቆጣ እስከ ኒሯቅ ያለው መንገድ በቀለም ተስሎበታል፤ እኛ ደግሞ ቆርኪዎች ነን። ባለ ነጥቧን እንጨት ትወረውራለህ፣ በወጣልህ ልክ ትሄዳለህ።

«ቀድሞ ኒሯቅ የገባ ነገ ለመስክ ስንወጣ ጋቢና ይቀመጣል» አለች።

ልቤ ዘለለች።

ደረሰ የሚባለው ሹፌራችን «ጎማ ፈነዳ፣ ሁለት ተመለስ» የሚለው ላይ ሦስት ጊዜ አረፈ። «ይኼ ጎማ እዚህም ተከተለኝ?» አለ። ጸሐፊያችን ጥሩአየሁ በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። እኔ ስድስት ወጣልኝ፣ ደገምሁት፣ ስድስት!

ኒሯቅ መግቢያ ላይ የሞላ ወንዝ አለ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ተራው የደረሰ ሰው ወንዙ ዳር ያለውን ባልደረባውን በስሙ ጠርቶ «እጅህን ስጠኝ» ይላል፤ ያን ጊዜ ጠሪው ተሻግሮ ይገባል። ስሙን ከሳተ ተራው ያልፋል። ወንዙ ዳር የደረስነው እኔና ይግዛው ብቻ ነን። ተራው ደግሞ የእሱ።

አለቀልኝ አልሁ፤ ጆንያው ታየኝ።

ይግዛው እጁን ዘረጋ። «አንተ አስተርጓሚ፣ እጅህን ስጠኝ!»

«በስሙ» አለች ሰላማዊት።

«አስተርጓሚው ነዋ!»

«እናቱ አስተርጓሚ ብላ ነው ክርስትና ያስነሳችው?» አለች ጥሩአየሁ።

ይግዛው ጣሪያውን አየ፤ ጫማዬን አየ። ዘጠኝ ዓመት!

«ዓለምብርሃን?» አለ ቀስ ብሎ።

«እሱ ዘበኛው ነው!» ብሎ ደረሰ ጠረጴዛውን ደበደበ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ተራው የእኔ ሆነ። ተነሣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «አቶ ይግዛው በሪሁን ጸሐዩ! እጅዎን ይስጡኝ!» እስከ አያቱ ጠራሁት። እንዴት ይጠፋኛል? በየቀበሌው «አቶ ይግዛው እንዲህ ይላሉ» እያልሁ የኖርሁ ሰው!

እጁን ሰጠኝ፤ አልቦት ነበር። ቆርኪዬ ኒሯቅ ገባች። በዚህ ዕድሜዬ ዘለልሁ።

«ለመሆኑ ስሙ ማን ነው?» አለ ይግዛው።

«ወልደ ገብርኤል!» ብለው ሁሉም ጮኹበት።

በማግሥቱ ጋቢና ገባሁና ክንዴን በመስኮት አወጣሁ። «ደረሰ ወንድሜ፣ በገበያው በኩል ዙርልኝ።» ዞረልኝ። «አንዴ ድገመኝ።» ደገመኝ። ሰላማዊት አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

ቁልቁለቱን እንደ ጀመርን ጣሪያው ተደበደበ። «አስተርጓሚ! ኧረ አስተርጓሚ፣ ኮፍያዬ!»

«ላቁም?» አለ ደረሰ።

«ምን ሰማህና?» አልሁት።

መውረዱን ቀጠልን። እንደገና ተደበደበ።

«ወልደ ገብርኤል! ኧረ ወንድሜ፣ ወልደ ገብርኤል!»

«አቁም እንጂ» አልሁ። «እኔን እኮ ነው የሚጠራው!»