መንገዱ ወንዝ የሆነበት ሰው

ከቤታችን ፊት ለፊት የነበረውን አስፋልት አንስተን፣ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ጥቁር መስታወት ያነጠፍነው እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ነን። መንገዱ ፀሐይ ሲሞቅ ይውልና ለሰፈሩ ጤና ጣቢያ ኃይል ይሰጣል። ከባድ መኪና አይገባበትም፤ እግረኛ፣ ብስክሌትና ትንንሽ መኪኖች ብቻ ያልፉበታል። የእኔ ሥራ የመስታወቱን ሰሌዳዎች ማጠብና የደከመውን ለይቶ መቀየር ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ጉራ ቢጤም አታጣኝም።

አባዬ ግን በመጀመሪያው ቀን በሩን ከፍቶ አየውና፣ ያነሳውን እግሩን መልሶ አስቀመጠ።

«ወንዙ ሞልቷል» አለ።

የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለደም።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የመንገድ መዳመጫ መኪና ሹፌር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ የመርሳት ሕመም ያዘው፤ ጠዋት የበላውን ቀትር ላይ አያስታውስም። አንድ ነገር ብቻ አይዘነጋም ነበር፦ ከቁርስ በኋላ መንገዱን ተሻግሮ፣ ፊት ለፊት ካለው ፀጉር ቤት ደጃፍ ከጓደኛው ጎን መቀመጥ። ጓደኛው ፀጉር አስተካካይ ነው። እጁም ምላሱም ስለት ስለሆነ ሰፈሩ «ምላጭ» ይለዋል። መስታወቱ ከተነጠፈ ወዲህ አባዬ ደፉን አላለፈም። ሐኪሙም እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ወለል ውሃ ሊመስለው እንደሚችል ነገረኝና፣ «ቤት ተዘግቶ ከዋለ ግን ቶሎ ነው የሚደክመው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ምግቡ ቀነሰ፣ ወሬው ቀነሰ፣ ልብሱ ራሱ ሰፋው። በዓይኔ እያየሁት አባቴ እያለቀብኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ውሸት አይሆንልኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ የማምን ደረቅ ሰው ነኝ። ስለዚህ ተከራከርኩት።

«አባዬ፣ መስታወት ነው! ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ይኸው ተመልከት!» ብዬ መሀል መንገድ ገብቼ ዘለልኩበት።

«ውጪ ልጄ! ውጪ!» ብሎ ጮኸ። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ!»

ገብቼ እስካቅፈው ድረስ መንቀጥቀጡ አልተወውም። እኔ ግን በማግስቱም ተከራከርኩ፣ በሳልስቱም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

አንድ ቀን ምላጭ ራሱ ተሻግሮ መጣ።

«በምን ተሻገርክ?» አለው አባዬ ደንግጦ።

«ዋኝቼ ነዋ!»

አባዬ ከላይ እስከ ታች አየው። «ልብስህ ደረቅ ነው።»

«ቆሜ ነው የዋኘሁት።»

«ድሮም ውሸታም ነህ!» አለና አባዬ ከት ብሎ ሳቀ። ስንት ጊዜ የናፈቀኝ ሳቅ ነበር፤ ግን ከመደሰት ይልቅ ተናደድኩ።

«ጋሼ፣ እባክህ አታሳስተው» አልኩት በር ድረስ ሸኝቼ።

«አንቺ ደግሞ ከእውነት ጋር ተጋብተሻል እንዴ?» ብሎኝ በመዳፉ እየቀዘፈ ተሻገረ፤ ሽማግሌ አያፍርም።

በእረፍት ቀኔ ከአባዬ ጋር መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ዝናብ አባርቶ ነበር። ደመናው በመንገዱ ውስጥ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ወፎች ከእግራችን በታች ይበራሉ። አንዲት ነጭ ትንሽ መኪና ድምፅ ሳታሰማ በደመናው ላይ አለፈች።

«ጀልባዋ ዛሬ ዘገየች» አለ አባዬ።

መኪናዋን በዓይኔ ሸኘኋት።

«ዓሣ አለው?»

«የለውም አባዬ።»

«በምን አወቅሽ?»

አንገቴን አስግጌ መንገዱን አየሁ። ማምሻውን መስታወቱ ወርቅማ ሆኖ ሲያበቃ ወይን ጠጅ ሆነ፤ ጠርዙ ላይ የሚላወስ ነገር ያየሁ መሰለኝና ዓይኔን አሸሁ። በራሴ አፈርኩ። ግን ከመስኮቱ አልተነሳሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ከቤታችን ትይዩ አንዱ ሰሌዳ ኃይል መስጠት ያቆመው። ቀትር ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ሄጄ እንደ ጉድጓድ ክዳን ብድግ አደረግኩት። ሽቦው ከሥር ስለሆነ በሆዴ ተኛሁና ጭንቅላቴንና እጄን እስከ ትከሻዬ ወደ ውስጥ አስገባሁ። ለእኔ የዘወትር ሥራ ነው። ደጃፉ ላይ ለቆመው አባዬ ግን ልጁ እየሰመጠች ነበር።

«ልጄን! ልጄን!»

ቀና ስል ገብቷል። እጆቹን ሽቅብ ዘርግቶ፣ ውሃ ደረቱ ላይ የደረሰ ይመስል እግሩን እየጎተተ ይመጣል። አገጩን ወደ ላይ አንስቷል። ፍርሃቱ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ሆኖም ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። አንዱ ባልደረባዬ ሊስቅ ሲል ምላጭ ከማዶ «ዝም በል!» ብሎ አንባረቀበት።

«ደህና ነኝ አባዬ፤ መስታወት ነው እኮ» ልል ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እጁ ብብቴ ሥር ገባ። ቃሉን ዋጥኩትና ሰውነቴን ለቀቅኩለት። ጎተተኝ። ምላጭ ጎንበስ ብሎ የፀጉር ቤቱን ፎጣ ወረወረልን፤ አባዬ ጫፉን ያዘና ሁለታችንም ማዶ ወጣን።

ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ አለከለከ። ከዚያ በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ ኮቱን አውልቆ ደረበልኝ፣ የደረቀውን የሱሪዬን ጫፍ ይዞ ጨመቀው።

«በረደሽ?»

«በረደኝ አባዬ» አልኩት። «ውሃው በረታብኝ።» ከዚያ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ያንን ሁሉ ወር ብቻውን እየፈራ መኖሩ ያን ጊዜ ገባኝ።

እንባዬን በመዳፉ ጠረገልኝ። «ከእንግዲህ ብቻሽን አትሻገሪም። እኔ እያለሁ!»

አሁን በየጠዋቱ እሱ ይቀድማል፤ በከዘራው ጥልቀቱን እየለካ ያሻግረኝና ከምላጭ ጎን ቁጭ ይላል። ማታ መልሶ ያሻግረኛል። ባልደረቦቼ «ይህን የሚያህል አካል ይዘሽ!» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ እጁን አጥብቄ እይዛለሁ። ዋና አልችልማ።