በማጣበቂያው ግድግዳ ጀርባ

ተመራማሪዋ ጠዋት የአይጦቹን ክፍል ስትከፍት ከታችኛው መደርደሪያ ኮሽታ የለም። የታችኞቹ አይጦች ጡት ከጣሉ ጀምሮ የጫማ ማጣበቂያ ሽታ ሲተነፍሱ ያደጉት ነበሩ፤ ጀርባቸው ጎብጦ፣ ፀጉራቸው ረግፎ፣ ሳያረጁ አለቁ። ካደጉ በኋላ ያንኑ ሽታ መተንፈስ የጀመሩት ግን ከላይኛው መደርደሪያ ሽቦውን እየነከሱ ቁርስ ይጠይቃሉ።

ሮጣ ለአለቃዋ ነገረችው። ጥናቱን ያዘዘው አንድ የጫማ ፋብሪካ ነበር።

«የላይኞቹን ብቻ እናቅርብ» አላት ቀና ሳይል። «ፋብሪካው የሚቀጥረው አዋቂ ነው።»

«የፋብሪካው የሕፃናት ማቆያስ? ከማጣበቂያው አዳራሽ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው! የእህቴ ልጅ እዚያ ነው የሚውለው።»

«የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ አሉ!» ብሎ ሳቀ። «በአይጥ ሰው ልታስፈራሪ?»

ደሟ ፈላ። «እርስዎ ለአዋቂው ‹ምንም አይልም› ሲሉ አይጧ የታመነች ምስክር ናት፤ ለሕፃኑ ሲሆን ግን ተራ አይጥ ሆና አረፈችው?»

በሩን በላዩ ላይ ድርግም አድርጋ ወጣች።

ፋብሪካው የደረሰችው በምሳ ሰዓት ነው። ማቆያው ውስጥ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። እዚያው የምትሠራው ታናሽ እህቷ ከሌሎቹ እናቶች ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች።

«እትዬ፣ ምነው? በደህናሽ ነው?»

ያየችውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። እህቷ ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «እኔ ሽታውን ይዤበት እንዳልገባ ልብሴን ሳጥብ አድራለሁ፤ ለካ በገዛ እጄ ነው እዚህ የማስቀምጠው!»

ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ ልጆቻቸውን አንጠልጥለው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡና ምንጣፉ ላይ ደረደሯቸው።

«ኧረ ይሄ ቢሮ ነው!» ሰውየው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«አየሩ ጥሩ ነው» አለች እህቷ። «ማቆያው እስኪነሣ እዚህ ይዋሉ።»

አንዱ ሕፃን ምንጣፉን አራሰው፤ ሌላው የስልኩን ገመድ ያዘ። ማቆያው በሳምንቱ ከግቢው ማዶ ወዳለው ሕንፃ ተዛወረ።

ተመራማሪዋን አለቃዋ ከጥናቱ አስወጣት፤ የታችኞቹን አይጦች ሳይጠቅስም ውጤቱን ለፋብሪካው አስረከበ። እሷም አፏን አልዘጋችም፤ በየስብሰባው እየተነሣች ስለነሱ ትናገራለች። አንድ ምሽት ግን እህቷ የተኛውን ልጇን እያየች፣ «እስከ ዛሬ የተነፈሰውስ፣ እትዬ?» ብላ ጠየቀቻት። ተመራማሪዋ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ከልጁ ደረት ላይ አደረገች።